ዲሹን ከማውረዳችሁ በፊት፦ «ኢንተርኔት ካለ ዲሽ አያስፈልግም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ስማርት ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቦክስ የገዛ ሰው ወርሃዊ የቴሌቪዥን ክፍያ ይቀርለታል፤ የከተሞቻችን ኢንተርኔት ለዚህ በቂ ሆኗል፤ በዲሽ የሚታየው ሁሉ በአፕ ይገኛል፤ የውጭዎቹን አፖች ክፍያ አካውንት በመጋራት መወጣት ይቻላል፤ ርካሽ ቦክስ ገዝቶ ሁሉንም ጣቢያ በነፃ ማየትም ይቻላል፤ ዲሽ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚቋረጥና የከተማውን መልክ የሚያበላሽ ያለፈበት ዕቃ ስለሆነ ይውረድ። ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደተጻፈ አምናለሁ። እኔ ዲሽ በመትከልም፣ ስማርት ቲቪ ከዋይፋይ ጋር በማገናኘትም የምተዳደር ባለሙያ ስለሆንኩ አንዱን ከሌላው የማስበልጥበት ጥቅም የለኝም። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ ምክሩን ሰምተው ሪሲቨራቸውን የሸጡ ቤተሰቦችን በየሰፈሩ ማግኘቴ ነው፤ ስለዚህ ነጥቦቹን ባነሷቸው ቅደም ተከተል እመለስባቸዋለሁ።

ስለ ወርሃዊ ክፍያ ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት አሜሪካን ነው። በዚያ አገር ተመልካቹ ኬብል ቲቪን እየተወ ወደ ኢንተርኔት አፖች መሄዱ እውነት ነው፤ ኒልሰን የተባለው የተመልካች ቆጠራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 የአፖቹ ድርሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኬብል መብለጡን፣ በሜይ 2025 ደግሞ 44.8 በመቶ ደርሶ ኬብልና መደበኛው የአየር ሥርጭት በአንድነት ከያዙት ድርሻ ማለፉን አስታውቋል። ነገር ግን አሜሪካዊው ኬብሉን ሲያስቆርጥ የሚገላገለው በየወሩ ሲከፍለው የኖረውን ከባድ ክፍያ ነው፤ ኢንተርኔቱ አስቀድሞ ለሌላ ጉዳይ ቤቱ ገብቷልና አዲስ ወጪ አይጨምርበትም። በደሴ የሆጤው ወይም የሸዋበሩ ሠፈር ቤተሰብስ ምን የሚያስቆርጠው ክፍያ አለው? በአካባቢያችን ዲሽ ካለው ቤት አብዛኛው የሚመለከተው በነፃ የሚለቀቁትን ጣቢያዎች ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን የሚያስተላልፈው ኢትዮሳት እ.ኤ.አ. በ2019 በኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት እየለቀቁ ወደዚያ ሲዛወሩ ሰዉ ያወጣው ወጪ ዲሹን ለማስዞር ወይም ሁለተኛ ዲሽ ለመጨመር አንድ ጊዜ የከፈለውን ነው። ከዚያ በኋላ ሪሲቨሩ እስኪበላሽ ድረስ ማንም በየወሩ ገንዘብ አይጠይቀውም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ቤተሰብ «ወደ አፕ ብትዞር ወርሃዊ ክፍያ ይቀርልሃል» ብሎ መምከር የሌለበትን ዕዳ እንደመሰረዝ ሆኖ፣ በተግባር ግን ያልነበረበትን ወርሃዊ የዳታ ወጪ አዲስ መጀመር ነው። በየወሩ ለዲኤስቲቪ የሚከፍሉ ቤቶች መኖራቸውን አልዘነጋሁም፤ የእነሱ ጉዳይ የተለየ ስለሆነ ከዚህ በታች እደርስበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የኢንተርኔቱ በቂነት ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመለከተዋለሁ። ጸሐፊው የሚያነሡት ፍጥነትን ብቻ ነው። በፍጥነት በኩል የሚሉት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የፊልም ማያ አፑ ኔትፍሊክስ ራሱ ለኤችዲ ምስል በሰከንድ 3 ሜጋቢት፣ ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋቢት፣ ለፎርኬ (4K) 15 ሜጋቢት ይበቃል ይላል፤ ጥሩ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ፒያሳ ላይ በሞባይል እንኳ ከዚያ በላይ ማግኘት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን የሚበላው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን መጠንም ነው፤ ጽሑፉ ስለ መጠኑ አንዲት መስመር አልጻፈም። ያው ኩባንያ እንደሚለው መደበኛ ጥራት ያለው ምስል በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ ኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት፣ ፎርኬ እስከ 7 ጊጋባይት ይወስዳል። አንድ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን በቀን አራት ሰዓት ብቻ ይበራል ብንል በወር 120 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በመደበኛ ጥራት እስከ 120 ጊጋባይት፣ በኤችዲ እስከ 360 ጊጋባይት ማለት ነው። ልጆች ካሉ፣ ከሰዓት በኋላ ካርቱን፣ ማታ ዜናና ድራማ የሚታይ ከሆነ አራት ሰዓት ትንሽ ነው። እያንዳንዱ አንባቢ ባለፈው ወር ለሞባይል ዳታ ፓኬጅ ያወጣውን ብርና ያገኘውን ጊጋባይት ይዞ ይህን ሒሳብ ራሱ ይሥራ፤ የሚወጣው ቁጥር ከእኔ ክርክር ይልቅ ያሳምነዋል።

በሒሳብ የማይታየው ሌላው ችግር ሰዓቱ ነው። ሳተላይት የሚሠራው እንደ አዛን ወይም እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ የሚሰማው ሰው አሥርም ይሁን አሥር ሺህ ድምፁ አንድ ነው፣ አንዱ ስለሰማ ለሌላው አይቀንስበትም። በኢንተርኔት የሚመጣው ሥርጭት ግን ለእያንዳንዱ ተመልካች ለብቻው ይላካል፤ አንድ መንደር ከአንድ የሞባይል አንቴና ስለሚጋራ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሁሉም ከሥራ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ያቺው የጋራ አቅም ትከፋፈላለች። ቀን ላይ ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ኩልል ብሎ ይታይ የነበረው ምስል ማታ ቤት ውስጥ መሽከርከር የሚጀምረው ስለዚህ ነው። ዕቃ ሻጩ አላታለለም፤ የሞከረው በረፋድ ነው እንጂ።

ደግሞም «ኢንተርኔት አለን» የሚሉ ብዙ ቤቶች ያላቸው መስመር የገባ ዋይፋይ ሳይሆን የአንድ ሰው ስልክ ሆትስፖት ነው። በኮምቦልቻ የገባሁበት አንድ ቤት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ልጁ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ ይሠራል፤ ምክሩን ሰምቶ ስማርት ቲቪ ገዛ፣ ዲሹን አወረደ፣ ሪሲቨሩን ሸጠ። እሱ ቤት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ይሠራል። የሌሊት ፈረቃ ሲገባ ግን ስልኩ አብሮት ስለሚሄድ እናቱ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ትልቅ ጥቁር መስታወት ፊት ለፊት ተቀምጠው ያመሻሉ። «አየህ የኔ ልጅ፣ ቲቪዬ በልጄ ኪስ ገብቶ ሥራ ይሄዳል» አሉኝ። ዲሹ ከነእግሩ ጓሮ ተጥሎ ነበርና መልሼ ተከልኩላቸው፤ ሪሲቨሩን ግን እንደገና መግዛት ግድ ሆነባቸው።

ሦስተኛው ነጥብ «ሁሉም በአፕ ይገኛል» የሚለው ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹን ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። በዩቲዩብ የሚወጡት የአማርኛ ድራማዎች፣ ቃለ መጠይቆችና የምግብ አሠራር ዝግጅቶች ብዛት ከየትኛውም ጣቢያ ይበልጣል፤ ያመለጠውን ክፍል በፈለጉት ሰዓት ማየት መቻል ደግሞ ዲሽ ፈጽሞ የማይሰጠው ምቾት ነው። በርካታ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም ዝግጅቶቻቸውን እዚያ ይጭናሉ። የማልቀበለው «ሁሉም» የሚለውን ነው። እግር ኳስ ወዳዱ አንባቢ እንደሚያውቀው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በአካባቢያችን የማስተላለፍ መብት ያለው የዲኤስቲቪ የስፖርት ጣቢያ፣ ሱፐርስፖርት፣ ነው፤ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም እ.ኤ.አ. በ2020/21 የውድድር ዘመን በዚያው በዲኤስቲቪ በኩል መታየት ጀምሮ ነበር። እነዚህን ጨዋታዎች «በነፃ» የሚያሳዩ አፖች መብት የሌላቸው ሰዎች የሚለቋቸው ስለሆኑ በጨዋታው መሐል ይዘጋሉ፤ ሲሠሩም ከሳተላይቱ ወደኋላ ይዘገያሉ፤ ጎረቤት ያለው የኳስ ቤት ጎል ብሎ ከጮኸ በኋላ እርስዎ ገና የማዕዘን ምቱ ሲመታ እያዩ ነው።

ጸሐፊው ያላሰቧቸው ተመልካቾችም አሉ። በደሴ የብዙ አዛውንቶች ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆየው አንድ ጣቢያ ላይ ነው፤ በአንዱ ቤት ከመካ በቀጥታ የሚተላለፈው የሳዑዲ ቁርኣን ቲቪ፣ በሌላው ቤት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጣቢያ ቅዳሴና ስብከት። በረመዷን ወይም በሑዳዴ ወራት እነዚህ ቤቶች ውስጥ ሪሞት የሚነካ የለም። አንድ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ በዲሽ ሲከፈት የሚያስወጣው የመብራት ቆጣሪውን ብቻ ነው፤ ይኸው በኢንተርኔት ይሁን ቢባል ለአንድ ቀን ብቻ አሥር ጊጋባይት ሊያስፈልገው ይችላል። አፕ መክፈት፣ መፈለጊያው ውስጥ በሪሞት ፊደል እየለቀሙ መጻፍ፣ «ኔትወርክ የለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ራውተር አጥፍቶ ማብራት ለወጣት ቀላል ነው፤ ለሰባ ዓመት እናት ግን ቴሌቪዥኗን ከእጇ መንጠቅ ነው።

አራተኛው የክፍያ ጉዳይ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 በአንድ ጊዜ ወደ 130 አገሮች ሲገባ ኢትዮጵያም ከእነሱ አንዷ ነበረች፤ ስለዚህ «በአገራችን አይሠራም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። የሚከፈለው ግን በዶላር ነው፤ በብር የሚሠራው የባንክ ካርዳችንም ሆነ ቴሌብር አይከፍልለትም። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ፤ የዶላሩ ዋጋ ሳይለወጥ የእኛ ወጪ ተለወጠ ማለት ነው። ጸሐፊው ለዚህ ያቀረቡት መፍትሔ አካውንት የሚያከራዩ ሰዎችን በቴሌግራም ማግኘት ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2023 ጀምሮ ከአንድ ቤት ውጭ ያለ መጋራትን በብዙ አገሮች መከልከሉን ግን አላነሡም። የሦስት ወር ኪራይ ከፍለው በሁለተኛው ሳምንት የተዘጋባቸው ደንበኞች ወደ እኔ ሲመጡ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ገንዘባቸውን የተቀበለው ሰው በዚያን ጊዜ የቴሌግራም ስሙን ቀይሯል።

አምስተኛውና በእኔ እምነት እጅግ አደገኛው ምክር ስም የለሹን ርካሽ አንድሮይድ ቦክስ የተመለከተው ነው። ጸሐፊው «አንድ ጊዜ ገዝቶ የዓለምን ጣቢያ ሁሉ በነፃ» ብለው ያሞገሱት ዕቃ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ሕዝብ እንዲጠነቀቀው በይፋ ያሳሰበበት ዓይነት ነው። ባድቦክስ 2.0 የሚል ስም የተሰጠው አጥፊ ፕሮግራም ገና ከፋብሪካ ሳይወጡ ወይም መጀመሪያ ሲከፈቱ አፕ በሚያስጭኑበት ጊዜ እንዲህ ባሉ ቦክሶች ውስጥ ይገባል፤ ጉግል በቀጣዩ ወር ባቀረበው ክስ የተበከሉት ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ገልጿል። የተበከለው ቦክስ ከውጭ ሲታይ በደንብ ይሠራል። ከውስጥ ግን የቤቱን ኢንተርኔት ለማያውቁት ሰዎች መተላለፊያ አድርጎ ያከራያል፤ ሌላ ሰው በሌላ አገር ሆኖ የሚሠራው ወንጀል የእርስዎን ቤት አድራሻ ይዞ ይወጣል። ዳታ በጊጋባይት በሚገዛበት በእኛ ከተማ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ማንም ቴሌቪዥን ሳያይ ፓኬጁ በሌሊት አለቀ የሚል አቤቱታ ስሰማ መጀመሪያ የምነቅለው ይህን ቦክስ ነው።

ምልክቶቹን መለየት አያስቸግርም። ከፕሌይ ስቶር ውጭ ከሆነ የራሱ መደብር አፕ እንዲጭኑ የሚጠይቅ፣ የጉግልን የደኅንነት ፍተሻ፣ ፕሌይ ፕሮቴክትን፣ አጥፉ የሚል፣ ካርቶኑ ላይ የማይታወቅ ስም ኖሮት «ሁሉም ጣቢያ ክፍት ነው» ብሎ የሚያስተዋውቅ ቦክስ ቤት መግባት የለበትም። የጥራቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ማረጋገጫ የሌላቸው ቦክሶች ዋይድቫይን የሚባለው የቅጂ መከላከያ ዝቅተኛ ደረጃ ብቻ ስላላቸው፣ ካርቶኑ ላይ ፎርኬ ተብሎ ቢጻፍም ኔትፍሊክስ የሚለቅላቸው መደበኛውን ምስል ነው። በዚያው ቦክስ ላይ የገባ የጉግል አካውንት፣ የልጆች ፎቶና ኢሜይል ያለበት፣ ከማን ጋር እንዳለ አይታወቅም።

ስድስተኛው፣ ዲሽ በዝናብ ይቋረጣል የሚለው ነው። ይቋረጣል፤ በክረምት ከባድ ዝናብ ሲወርድ ኬዩ ባንድ የሚባለው ሞገድ ስለሚዳከም ምስሉ ይቆራረጣል፣ ዝናቡ ሲቀንስ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ግን በዝናብ የሚሳበበው መቋረጥ የአተካከል ጉድለት ነው። ለኢትዮሳት ዲሹ ከደሴ የሚያየው ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ይህን ያህል ቀና ያለ ዲሽ ዛፍም ሆነ የጎረቤት ፎቅ እምብዛም አይከልለውም፣ ነገር ግን በትንሹ ከዘመመ ጥራቱ ቶሎ ይወርዳል። ለናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ጦሳ ተራራ፣ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ስለሚያይ ከተራራው ሥር የተጠጋ ቤት ቦታውን መምረጥ አለበት። የኤልኤንቢው፣ ማለትም በዲሹ ፊት ያለው የሞገድ መቀበያ፣ ማገናኛ በላስቲክ ያልተሸፈነ ከሆነ ደግሞ ውሃ ገብቶ ይዝጋል፤ ይህ በአምስት ደቂቃ የሚታረም ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው የከተሞቻችንን ታሪክ መዘንጋታቸው ያሳዝነኛል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ደሴና ኮምቦልቻ መብራትም ስልክም ተቋርጦባቸው ሲሰነብቱ ያየ ሰው፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ የኖረ ሰው፣ ዜና የሚሰማበትን መንገድ ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ አንጠልጥሉ ተብሎ ሊመከር አይገባውም። ኢንተርኔቱ በጠፋባቸው በእነዚያ ወራት መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ ዲሽ ያለው ቤት ጣቢያዎቹን ያይ ነበር። መብራት ሲሄድስ ለሚለው፣ በባትሪና በሶላር የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ቲቪና ሪሲቨር በገጠሩ ወሎ ከተለመደ ቆይቷል፤ ኢንተርኔቱ ግን የቤትዎን ራውተር ብቻ ሳይሆን የሠፈሩ አንቴናም መብራት እንዲኖረው ይፈልጋል።

አሁን ለዲኤስቲቪ ወደሚከፍሉት ልመለስ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በብዙ እስማማለሁ። መስመር የገባ፣ በጊጋባይት ሳይሆን በፍጥነት የሚከፈልበት ኢንተርኔት ቤቱ ካለ፣ ቤተሰቡ ኳስ የማያይ ከሆነና ፓኬጁን የሚያድሰው ለፊልም ብቻ ከሆነ፣ ክፍያውን አቁሞ ያንን ገንዘብ የኢንተርኔቱን ፍጥነት ለማሳደግ ቢያውለው የሚጎዳ አይመስለኝም። ነፃው ዲሽ ግን ባለበት ይቆይ፤ በየወሩ ምንም አይጠይቅም። እንዲህ ላለው ቤት የምመክረው ጉግል ቲቪ ወይም የታወቀ አምራች የራሱ ሥርዓት ያለው ስማርት ቲቪ እንዲገዛ፣ ቴሌቪዥኑና ራውተሩ አንድ ክፍል ከሆኑ በዋይፋይ ፋንታ በኔትወርክ ኬብል እንዲያገናኛቸው፣ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ጥራቱን በራሱ እንዲመርጥ ከመተው ይልቅ በመደበኛው ጥራት፣ በ480p፣ ላይ እንዲያቆመው ነው። በ32 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ከሦስት ሜትር ርቀት ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በዳታው ላይ ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። በተማሪ ቤት፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ወጣት፣ ሌላ ተመልካች ከሌለ፣ ስልኩና ዩቲዩብ በቂ ናቸው፤ እሱን ዲሽ ግዛ ብዬ አላስጨንቀውም።

የቀረው ዲሽ የከተማውን መልክ ያበላሻል የሚለው ነው። ኮንዶሚኒየሞቻችንን ላየ ሰው ቅሬታው ተገቢ ነው፤ በአንድ ሕንፃ ላይ ሃያና ሠላሳ ዲሽ በየበረንዳው ተሰቅሎ፣ አንዳንዱም ዝጎ ተንጠልጥሎ ይታያል። መፍትሔው ግን ማውረድ ሳይሆን መጋራት ነው። አንድ በደንብ የተተከለ ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ አራት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ከተገጠመለት አራት ቤቶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሪሲቨር የፈለጉትን ጣቢያ ሊያዩ ይችላሉ፤ በጣሪያ ላይ ሁለት ዲሽ፣ አንዱ ለኢትዮሳት አንዱ ለናይልሳት፣ የዲሹን ሞገድ ለብዙ ሪሲቨሮች ከሚያከፋፍለው መልቲስዊች ጋር ተተክሎ ገመዱ በደረጃው በኩል ቢወርድ ደግሞ የአንድ መግቢያ ነዋሪዎችን ሁሉ ያዳርሳል። ወጪው ለየቤቱ ሲካፈል ለየብቻ ዲሽ ከመግዛት ያነሰ ነው፤ የሚያስፈልገው የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ተሰብስቦ እንዲስማማና በጣሪያው ላይ ማን እንደሚወጣ ቁልፉን የሚይዝ አንድ ሰው እንዲመድብ ነው።